የማይሰነጠቅ ዘንግ

ብረት የምደበድብ ሴት ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ሥራዬ ግን ይኸው ነው፤ ከሽምብራ ያነሱ የብረት እንክብሎችን በአየር ግፊት መርከብ በሚያንቀሳቅስ ዘንግ ላይ አዘንባለሁ። የብረቱ ቆዳ ሲደበደብ ይጠብቃል፤ ከጠበቀ ደግሞ ጨው ውኃ ውስጥ ቢከርምም ቶሎ አይሰነጠቅም። እዚህ ኖርዌይ ወደብ፣ ክርስቲያንሱንድ ውስጥ ይህን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም።

አይሊፍ የሚሠራባት መርከብ ዘንግ የመጣልኝ በመጋቢት ነበር። አይሊፍን እወደዋለሁ፤ ምን ያሽኮረምመኛል! መርከቧ ተሸጣለች፤ ከእንግዲህ ማረፊያዋ ሰሜን ጫፍ፣ ቫርዶ ነው። እሱም አብሯት ይሄዳል። «ነይ» እስኪለኝ የበረዶውን ወራት ሙሉ ጠበቅኩ። እሱ እቴ! አፉ የተሰፋ ነው።

ዘንጉ ሊጫን ሲል በአጉሊ መነጽር አየሁት። የእንክብሎቹ ምት ተነባብሮ ሁሉንም መሸፈን አለበት፤ ዘንጉ ወፈር የሚልበት ትከሻው ሥር ግን ጥፍር የምታህል ቦታ ለስልሳ ታበራለች። አልተመታችም። የራሴው ጥፋት ነው።

«እንደገና ይሠራል» አልኩ። «ሁለት ቀን።»

የመርከቧ ካፒቴን ኦድቫር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ መልቀቅ ያቃተሽ ዘንጉን ነው ወይስ ልጁን?»

«መነጽሩ ይኸው ካፒቴን፣ እርስዎ ራስዎ ይዩት!»

አጠገቡ የቆመው አይሊፍ እስከ ጆሮው ቀላ። አለቃዬ ሲግቫርት ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «ሌላ ሰው ይሥራው። ሂጂ፣ ከልጁ ጋር ዋፍል ኬክ ብሉ፣ አውሩ። አንቺም ብረት ሆንሽ እንዴ?» አለኝ።

ልቤ መሄድ ፈለገ፣ እግዜር ያውቃል። ግን ያ ዘንግ ባሬንትስ ባሕር መሐል ቢሰበር ማዕበል ላይ የሚቀረው እሱ ነው። በሰው እጅ አልጥለውም አልኩ። ሁለቱንም ቀን ጭምብሌን አጥልቄ፣ ጆሮዬን ደፍኜ ስደበድብ ዋልኩ። አይሊፍ በመስኮቱ ቆሞ ያየኛል፤ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመጣል። ስጨርስ ዘንጉን ለመጫን ሁሉም ይጣደፍ ነበር። አይሊፍ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። «ነይ» ሳይል ከዘንጉ ጋር ሄደ።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ዘንጉ ተሰንጥቆ ቢሆን መርከቧም አይሊፍም ለጥገና የሚመጡት እኛው ጋ ነበር። አንዳንዴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምነው ያችን ጥፍር የምታህል ቦታ ባላየኋት እላለሁ። አልተሰነጠቀም። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።