ደንበኛ ሲሰረዝ

ታልከ ደንበኛውን ሰረዘችው። ኮምፒዩተሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት፤ እርግጠኛ ናት። ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። ከዚያ የደረሰኞቹን ገጽ ከፈተችና ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ለዚያ ሰው የቆረጠቻቸው ሦስት ደረሰኞች የሉም። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ቁጥር ጠፍተው፣ አሥረኛ የነበረው ደረሰኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰባተኛ ሆኖ ተቀምጧል።

«ያዝኩህ!» አለች ጮክ ብላ።

ከታች ፎቅ የምትኖረው ጓደኛዋ ዊብከ የሻይ ስኒዋን ከአፏ አወረደች። ፀጉር ቤቷን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛዋ ትታ ጠዋቱን እዚህ ማሳለፍ ልማዷ ነው።

«ማንን ነው የያዝሽው?»

«ኤኖን።»

«እኔ ደግሞ ሶፍትዌር እየመረጥሽ መስሎኝ!»

«እየመረጥኩ ነው። ይሄኛው ወድቋል።»

ታልከ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። በሰሜን ጀርመን፣ በሌር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ፒያኖ ትቃኛለች፤ አባቷም ቃኚ ነበር። እስከ ዘንድሮ ድረስ ደረሰኝ የምትቆርጠው በእጇ ጽፋ ነው። በፀደይ ግን ዋና ደንበኛዋ የሆነው የከተማው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ላከላት፦ ከነሐሴ ጀምሮ ወረቀት አንቀበልም፣ ደረሰኝዎን በኤሌክትሮኒክ መልክ ይላኩ የሚል። ያለ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ስለዚህ ስምንት የሒሳብ ፕሮግራሞችን ፈትሻ ሦስት አስቀረች። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር በስልክ ስለሆነ የፒያኖ ክር መወጠሪያ ሲያጠብቁ የኖሩ ጣቶቿ አንዱን ሲነኩ ሌላውን ይጫናሉ። ሁለተኛው በወር አሥራ ስምንት ዩሮ ያስከፍላል፤ መልኩም እንደ ግብር ቢሮ ኮሪደር ደረቅ ነው። ሦስተኛው የቀድሞ ባሏ የኤኖ ነው።

የኤኖን ልትገዛው አልነበረም። ሠላሳ ቀን በነፃ ይሞክሩ የሚለውን በዊብከ ስም ገብታበት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ስትቆፍረው የከረመችው ስንጥቁን ፍለጋ ነው። አንዴ የተቆረጠ ደረሰኝ አይሰረዝም። ቢሳሳቱ በሌላ ደረሰኝ ይሻራል እንጂ ቁጥሩ አይነካም። ቁጥሩ የተነካ መዝገብ መርማሪ እጅ ከገባ ሙሉ መዝገቡ ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ግብሩ የሚቆረጠው በግምት ነው። ግምት ምን እንደሆነ ደግሞ ታልከ ታውቃለች።

ኤኖ ባሏ በነበረበት ዘጠኝ ዓመት ሒሳቧን የሚይዘው እሱ ነበር። ፕሮግራሙንም መጀመሪያ የሠራው በእሷ ደረሰኞች፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲፋቱ «ያለፈውን ዓመት ግብርሽን አስገብቼዋለሁ፣ አታስቢ» አላት። አላስገባም ነበር። የግብር ቢሮው ማስጠንቀቂያዎች ይሄዱ የነበሩት ወደ እሱ አድራሻ ስለሆነ፣ ለእሷ ወሬው የደረሳት የይግባኙ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ቢሮው የአገሯን የምሥራቅ ፍሪስያን ፒያኖ ሁሉ ብቻዋን የቃኘች ይመስል ገምቶባታል። ደወለችለት፤ አያነሳም። የአባቷን ትልቁን ፒያኖ በአሥራ አንድ ሺህ ዩሮ ሸጣ ከፈለች። ይሄ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው።

«ጻፊለትና ይብቃሽ» አለች ዊብከ። «እንዲህና እንዲህ ያለ ስህተት አለብህ በይው። ዛሬ ፕሮግራሙን ለሰው የሚያሳይበት አዳራሽ ድረስ ምን ያስኬድሻል?»

«ፒያኖው በክሬን ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያይ ነበር። አንቺም ሳትቀሪ።»

«እኔ እኮ እያለቀስኩ ነው ያየሁት።»

«እሱም ሰው እያየው ይሁን» አለችና ካፖርቷን አነሳች።

የነጋዴዎች ማኅበር አዳራሽ ወደቡ አጠገብ ነው። ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሞልቷል፤ ጣራ ሠሪው፣ ቧንቧ ሠሪው፣ አበባ ሻጯ፣ ሁሉም አዲሱ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሕግ ያስጨነቀው ነው። ታልከ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ኤኖ መድረኩ ላይ ሆኖ አያት፤ ዓይኑ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። ጸጉሩ ሸብቷል። ማውራቱን ግን እንደ ድሮው ያውቅበታል።

«ይሄ ፕሮግራም የተወለደው ከአንድ የጫማ ካርቶን ነው» አለ። «የቀድሞ ባለቤቴ ደረሰኞቿን የምታጭቅበት ካርቶን! ፒያኖ ሲሆን አንዲት ክር ብትላላ ትሰማለች። ሒሳብ ሲሆን ግን ጣራው ቢናድም አትሰማም።»

አዳራሹ ሳቀ። የሚያውቋት ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ታልከ እጇን አነሳች።

«አቤት ታልከ» አለ ኤኖ ፈገግ ብሎ።

«አንድ የተቆረጠ ደረሰኝ ሰርዝልን።»

«ይሄን የሚጠይቅ ወይ መርማሪ ነው ወይ አጭበርባሪ!» ዳግመኛ ሳቁ። ኤኖ ደስ እያለው አንዱን ደረሰኝ መርጦ መሰረዣውን ተጫነ። ግድግዳ በሚያህለው ስክሪን ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ አይቻልም። «አያችሁ? የሠራሁት ሰውዬ እንኳ አልችልም።»

«ጎበዝ። አሁን ደንበኛውን ሰርዘው።»

የኤኖ እጅ ባለበት ቀረ። ታልከ ይህን አቋቋም ዘጠኝ ዓመት ታውቀዋለች፤ ያላሰበው ጥያቄ ሲመጣበት እንዲህ ነው የሚሆነው።

«ደንበኛ ለምን እሰርዛለሁ?»

«ሰርዘውና እንይ።»

«ሰርዘው እንጂ ሰውዬ!» አለ ከኋላ ጣራ ሠሪው በወፍራም ድምፁ። «የውሸት ደንበኛ አይደል እንዴ? አይሞትብህ!»

ሰረዘው። ታልከ «ደረሰኞቹን ክፈት» አለች። ከፈተ። ሦስቱ ደረሰኞች ጠፍተው የቀሩት ቁጥሮች ወደ ላይ ተጠጋግተዋል።

«ይሄማ ለሌባ የተሠራ ነው!» አለ ጣራ ሠሪው። «በወር ስንት ነው ያልከው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤኖ አንዱን ሲጫን፣ ሌላውን ሲጫን፣ የሄደው አልመለስ አለ። ከአንገቱ የተነሳው ቅላት ጆሮው ድረስ ወጣ። ታልከ ያን ቅላት አንድም ሳታስቀር ተመለከተችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች፤ ካሰበችውም በላይ ጣፈጣት።

ሳቁ ገና ሳያልቅ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ። መስታወት ገጣሚው አቶ ኦንከን ናቸው። ታልከ ታውቃቸዋለች፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ፒያኗቸውን በየዓመቱ ትቃኝ ነበር።

«እኔ ሁለት ዓመት ሆነኝ በዚህ ስሠራ» አሉ። «ባለፈው ፀደይ የሞቱትን ደንበኞቼን ሰርዣለሁ። ስማቸውን ባየሁ ቁጥር ሆዴ እየባባ። አሥራ አንድ ናቸው።» ወደ ስክሪኑ አዩ። «የእነሱም ደረሰኝ ሄዷል ማለት ነው?»

ሽማግሌው ወደ ኤኖ ዞሩ።

«በመስከረም መርማሪ ይመጣብኛል። ደብዳቤው ደርሶኛል።»

«አቶ ኦንከን፣ እኔ እኮ…» አለ ኤኖ። «ይስተካከላል። ምትኬ ቅጂ ይኖራል። መኖር አለበት።»

ታልከ አፏ ውስጥ የነበረው ጣዕም ተቀየረባት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቆፍር ያሰበችው የኤኖን አንገት ብቻ ነው። እዚያ ፕሮግራም ውስጥ እንጀራቸውን ያስቀመጡ ሰዎች መኖራቸው አንዴም ትዝ አላላትም። እንደ እሷ በግምት የሚቀጡ፣ እንደ እሷ የሚሸጡት ነገር የሚፈልጉ ሰዎች።

«ወረቀቱ አለዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሁሉንም አትሜ አስቀምጫለሁ። እኔ ኮምፒዩተር መች አምናለሁ!»

«እንግዲያው ተርፈዋል። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ፤ ቁጥር በቁጥር እንደረድረዋለን።»

«ሻይ ከእኔ፣ ልጄ» አሉ አቶ ኦንከንና ተቀመጡ።

ኤኖ ያገኛት ኮሪደሩ ላይ ካፖርቷን ስትለብስ ነው። ኮምፒዩተሩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎታል።

«ደውለሽ ልትነግሪኝ አትችይም ነበር?»

«ደውዬ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አሥራ አራት ጊዜ።»

መሬት መሬት አየ። «ቅጹን ረስቼው ነበር። ሳስታውሰው ቀኑ አልፏል። ከዚያ አፈርኩ፣ ስልኩ ሲጮህ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ፒያኖውን መሸጥሽን የሰማሁት ከሰው ነው።»

«ሰምተህስ?»

ኤኖ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ታልከ፣ ሠላሳ አራት ደንበኛ ነው ያለኝ» አላት። «ይሄ ወሬ ከሌር ከወጣ አለቀልኝ። አንድ ወር ስጪኝ፤ በዝምታ አስተካክለዋለሁ።»

«በዝምታ?» አለች። «አቶ ኦንከን በዝምታ ነው እኮ መርማሪ ፊት ሊቀርቡ የነበረው። ለሠላሳ አራቱም ዛሬውኑ ጻፍላቸው። ደንበኛ የሰረዘ ሰው ካለ ወረቀቱን እንዲፈልግ ንገራቸው።»

«ብጽፍላቸው ይሄዱብኛል።»

«ይሂዱ። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ። እኔ ደግሞ እንዳንተ ለስለስ አድርጌ አልጽፍም።»

«እንዲህ ክፉ አልነበርሽም» አለ።

«አልነበርኩም» አለችና በሩን ገፍታ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ዊብከ ከደረጃው ሥር ጠብቃ አስቆመቻት።

«እህስ? ደስ አለሽ?»

ታልከ ጫማዋን እያራገፈች አሰበች። «አዎ» አለች በመጨረሻ። «በጣም። ግማሽ ሰዓት ያህል።»

ኮምፒዩተሯን ከፍታ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ደረቁ ፕሮግራም ገባች። የውሸት ደንበኛ ፈጠረች፣ ሁለት ደረሰኝ ቆረጠችለት፣ ከዚያ ደንበኛውን ልትሰርዘው ሞከረች። «በዚህ ደንበኛ ስም ደረሰኝ ስላለ መሰረዝ አይቻልም» አላት። ሌላ መንገድ ሞከረች፤ አይቻልም። የደረሰኙን ወር ቀየረች፣ ስሙን አጠፋች፤ አይቻልም። እንዲህ ያለ ግትር ነገር በዕድሜዋ ወዳ አታውቅም። አሥራ ስምንት ዩሮው ይቆረጥ ብላ መመዝገብ ጀመረች። ስም፣ ሥራ፣ የግብር ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፤ ሁሉንም በሁለት ጣት ሞላች።

የመጨረሻው ጥያቄ «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» የሚል ነበር። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ ግዴታ አይደለም፤ ለመራዎት ሰው ግን የእርስዎን ስም ጠቅሰን የምስጋና ደብዳቤ እንልካለን፣ የአንድ ወር ነፃ አገልግሎትም እንሰጠዋለን።

ታልከ እጇን ከመክተቢያው ላይ አነሳች። አልፋው ልትሄድ ትችላለች። ኤኖ በዚህ ሰዓት ቤቱ ተቀምጦ ሠላሳ አራት ደብዳቤ እየጻፈ ይሆናል፤ ወይም ስልኩን ገልብጦ አስቀምጦ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ሰኞ ታውቃለች። መስኮቱን ሲመታ የነበረውን ዝናብ ትንሽ አዳመጠች።

ከዚያ የኤኖን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ቀጥላ የኢሜይል አድራሻውን፣ ያንኑ ድርጅቱ የሚታወቅበትን፣ በጥንቃቄ አስገባች። መልሳ ስታነበው አንድ ፊደል ጎድሎ አገኘችው፤ እንዲህ ሆኖ ቢላክ አይደርሰውም ነበር።

ፊደሏን ጨመረችና ላከችው።