ሦስት ሌሊት በሮም

ልጄ ኤልዳና ትዕግሥቷ ያለቀው፣ አንዱን ሆቴል ሊፍት የለውም ብዬ ስጥልባት ነው።

«ማሚ፣ ሁለተኛ ፎቅ እኮ ነው!»

«ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ የለውም?»

«አባዬ ሻንጣ ይይዛል።»

«የአባትሽ ወገብ መጋዘን ውስጥ አልቋል። የቀረችውን ሮም ላይ አላስጨርስም» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የመዝገቡ ወንድም አዲስ አበባ ላይ ልጁን ይድራል። ኤልዳና ደግሞ ጥሩ ሥራ ይዛለችና፣ «በዚያው ሮም ላይ ሦስት ሌሊት እደሩ፣ ሆቴሉ በእኔ» አለች። ለሌላ ሰው ሦስት ሌሊት ምንም አይደለም። እኔና መዝገቡ ግን አብረን አድረን አናውቅም። አትሳቁ፣ ሁለት ልጅ ወልደናል! ላስ ቬጋስ ከመጣን ወዲህ ማለቴ ነው።

ልጆቹ ሕፃናት እያሉ ቤቢሲተር ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ እንዳለው ብዙ አበሻ ሺፍት ተካፈልን፤ እሱ የቀን፣ እኔ ግሬቭያርድ የሚሉትን የሌሊቱን። እኔ ከካዚኖ ስመለስ እሱ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቀኛል። «ወተት አልቋል፣ ኤልዳናን ትንሽ አተኩሷታል» ይለኛል፣ ከዚያ እሱ ወደ መጋዘኑ ወደ ኤፔክስ፣ እኔ ወደ አልጋ። ልጆቹ አደጉ፤ ሺፍቱ ግን እንዳለ ቀረ። ኦፍ ስሆን እንኳ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ እንዳይረበሽ ድምፁን አጥፍቼ፣ ቴሌቪዥን አያለሁ። እሱ ሲነሳ እኔ እገባለሁ።

ተጣልተን አናውቅም። ለመጣላትም እኮ አብሮ መዋል ያስፈልጋል።

እና ይቺ ሮም አስጨነቀችኝ። አዲስ አበባ ከደረስን እሱን ወንድሞቹ ይወስዱታል፣ እኔን እህቶቼ፤ ሠርግ ቤት ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የታወቀ ነው። ያለችን ሮም ብቻ ናት። ይህ ሰውዬ አሁንም ባሌ ነው ወይስ ቤት የምጋራው ደግ ሰው? እዚያ ይለይልኛል ብዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? ንዴቴን በሆቴሎቹ ላይ ተወጣሁት።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን አልፈለግሁም፤ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ሻንጣ ሲንኳኳ ማን ይተኛል? ወንዙን ተሻግሮ ያለው ሆቴል ደግሞ ከሥሩ መጠጥ ቤት አለው። አንዷ እዚያ ያደረች ሴት «ላይቭሊ»፣ ሞቅ ያለ ነው ብላ ጽፋለች። ላይቭሊማ አውቃለሁ! ካዚኖው ውስጥ የቁማር ማሽን ሲበላሽ፣ ሰው ቁማር ሲበላ፣ ሰው ሲያብድ የምጠራው እኔ ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጸጥ ይላል፣ ግን ሁለት አውቶቡስ ይፈልጋል። ካለን ጊዜ ግማሹን ፌርማታ ላይ ልንጨርሰው ነው?

«ፒኪ ነሽ፣ ማሚ፣ ምንም አይጥምሽም» ትለኛለች ኤልዳና።

መዝገቡማ አይ እሱ! ምን ብታሳዩት «እናንተ ያላችሁት» ነው መልሱ። ይህ ቃል ደሜን ያፈላዋል። አንድ ጊዜ እንኳ «ይቺን ወድጃታለሁ» ቢል ምን ነበረበት?

እሁድ ከሰዓት፣ እኔ ገና ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ኤልዳና ከምትኖርበት ከሲልቬራዶ ራንች እየከነፈች መጣች። መዝገቡ ምሳውን እየበላ ነበር።

«አገኘሁት! ፕራቲ የሚባል ሰፈር ነው። ዊንዶው ወደ ግቢ ነው የሚያየው፣ ወደ መንገድ አይደለም። ሊፍት አለ። ሜትሮ ቅርብ ነው፣ ቁርስ አለው። ቡክ አድርጌዋለሁ፣ አለቀ!»

እንከን ፈለግሁ፣ አጣሁ። እሰይ የኔ ልጅ ብዬ ሳምኳትና ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አየሁ። ንጹሕ ክፍል ነው፣ ነጭ አንሶላ፣ ወንበር፣ መብራት። አልጋው ግን ትንሽ ነው።

«ኤልዱ፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው አልጋ ነው።»

«አዎ፣ ሁለት ሩም ነው የያዝኩት። ላንቺ አንድ፣ ለአባዬ አንድ።»

«ለምን?»

ጥያቄው ገረማት። «ማሚ፣ እናንተ አብራችሁ አትተኙም እኮ። ኔቨር። እኔ አይቼ አላውቅም። አንቺ በቀን ነው የምትተኚው፣ እሱ በማታ። ኳየት፣ ጸጥ ያለ ነው የምፈልገው ደግሞ አልሽ።»

ክፋት የለባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እናትና አባቷ በአንድ በር አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ እያየች ነው ያደገችው። ግን አመመኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መዝገቡ ዞርኩ። አሁን እንኳ ይናገራል፣ «ምን ማለትሽ ነው፣ ሚስቴ እኮ ናት» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ጉርሻውን ውጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ «ጥሩ ነው። እናትሽም ታርፋለች» አለ።

«ማን ነው እረፍት የጠየቀህ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ኤልዳና አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየችና፣ ስልክ እንደተደወለላት ሰው ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ስልኩ እንዳልጮኸ ሁላችንም እናውቃለን።

«መዝገቡ፣ ሁለት ክፍል ነው የምትፈልገው? ንገረኝ። አልቆጣም።»

«አሁንም ተቆጥተሻል።»

«ንገረኝ!»

ጣቱን በናፕኪን ጠረገ። «ይሄው ስንት ጊዜ፣ ይጮሃል፣ ይረብሻል፣ አያስተኛም እያልሽ ሮምን ስታሚ ከረምሽ። እኔ ደግሞ አንኮራፋለሁ።»

«ማን አለ?»

«ሰርፀ። ካምፒንግ የሄድን ጊዜ ነው የነገረኝ። ድንኳኑን ጥሎ መኪና ውስጥ ነው ያደረው።»

ሰርፀ ታናሹ ልጃችን ነው። ወይ ጉድ! ልጄ የሚያውቀውን የባሌን ማንኮራፋት እኔ አላውቀውም።

«እና ለማንኮራፋት ብለህ ነው?»

«ለማንኮራፋት ብቻ አይደለም» አለና ሳህኑን ገፋ አደረገ። «አንቺ በሌሊት አትተኚም። እኔ ተኝቼ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ስታዪኝ ልታድሪ ነው። አፌ ተከፍቶ፣ ይሄ ሆዴ ተዘርግቶ። በደንብ ካየሽኝ በኋላ ምን ልታስቢ ነው እያልኩ ነው። አርጅቻለሁ እኮ፣ ጸዳለ።»

እኔ ሰውዬው ጠልቶኛል ብዬ ስብሰለሰል፣ እሱ ለካ እጠላዋለሁ ብሎ ፈርቷል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። አንዱንም አላሳየሁትም።

«ኤልዱ!» ብዬ ወደ ጓሮ ጮህኩ። «ነይ ግቢ! አንዱን ክፍል ካንስል አድርጊው። ሌላውን ደግሞ ትልቅ አልጋ ባለው ቀይሪልን።»

አንገቷን በበሩ አስገባች። «አር ዩ ሹር? አባዬ?»

እሱ ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁና፣ እናንተ ያላችሁት ብሎ እንዳያቃጥለኝ ጸለይኩ።

«ቀይሪው» አለ። «አንድ ክፍል።»

ኤልዳና ቆማ ስልኳን ትነካካ ጀመር። ትልቅ አልጋ ያለው እዚያው ግቢውን የሚያይ ክፍል አለ አለች። መዝገቡ ሳህኑን አንስቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ውኃውን ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ያንኑ አንድ ሳህን ደጋግሞ አጠበው።

«ጸዳለ» አለኝ፣ ሳይዞር።

«አቤት።»

«አንቺ በየት በኩል ነው የምትተኚው?»

በቀኝ ነው ልል፣ በግራ ነው ልል፣ ሁሌ ብቻዬን የምተኛበትን አልጋ በሐሳቤ አየሁት።

«መሃል» አልኩት።

ውኃውን ዘጋው።

«እኔም» አለ።