ለወንፊቱ የተሰጠ ድምፅ

እማማ የሻረግን ያናደዳቸው ምርጫው አልነበረም፤ ስለ አውራ ጣታቸው የተወራው ነገር ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ላም ያለበ፣ የገበያ ጤፍ ከአፈሩ የለየ፣ የስንቱን ልጅ እትብት ያሰረ ጣት፣ አንዲት ወረቀት ላይ የት እንደሚያርፍ አያውቅም ተብሎ ተጠረጠረ። የጠረጠረውም ስለ ምርጫው እንዲያስተምር የተላከው መምህር አዳም ነው፤ ጢሙ ልብቀል አልብቀል እያለ የሚያመነታ ጎረምሳ። የዕጩዎቹን ምልክት በትልቅ ወረቀት ሲያሳይ ውሎ፣ ሊጨርስ ሲል ወደ እሳቸው ዞረና፣

«እማማ ግን ስለማያነቡ አንድ ሰው ይዟቸው ይግባ» አለ።

ይዟቸው! እግሯን እንደተሰበረች በግ።

«ልጄ» አሉት፣ «አንተ ፊደሉን ሁሉ ቆጥረህ፣ ባለፈው ቅዳሜ መካን ላም እርጉዝ ናት ብለው ሸጡልህ። እኔ ሳላነብ ከማዶ ሆኜ አይቻት ስስቅ ነበር። እስቲ ማን ማንን ይዞ ይግባ?»

ሰው ሁሉ አውካካ። አዳም ፊቱ ቀልቶ፣ «ሕጉ ይፈቅዳል ለማለት ነው፣ እማማ» አለ።

«ሕጉ ይፍቀድ። እኔ አልፈቀድሁም።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ እንቅልፍ የነሳቸው የአዳም ንቀት አልነበረም፤ የልጅ ልጃቸው የሰብሌ ሆድ ነው። ሰብሌ የምትወልደው ነሐሴ ላይ ነው። በነሐሴ ደግሞ በመንደራቸውና በላሊበላ ሆስፒታል መካከል ያለው ወንዝ ሰው አያሻግርም። ድልድይ የለም እንዳይባል ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አሞራ ሲያርፍባቸው ኖሯል። ከላያቸው የሚጋደመው ብረት ከተማ ውስጥ አንድ መጋዘን ተኝቶ ይዝጋል። አምና ክረምት ጎረቤታቸው ንጋት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትወሰድ፣ ተሸካሚዎቹ ውሃው እስኪጎድል ከጧት እስከ ሠርክ ወንዙ ዳር ቆሙ። ውሃው ጎደለ። ሕፃኑ ግን አልጠበቀም።

ለፓርላማው ወንበር የቀረቡት ዕጩዎች ብዙ ነበሩ፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ ሁለቱ ነው። አንደኛው ሙሉሃብት፣ ምልክቱ ደወል፣ የእማማ የሻረግ የወንድም ልጅ። ጨዋ ነው፤ ጿሚ ነው፤ የሰደበውን ሰው እንኳ አንቱ ይላል። ድምፃቸውን ሊለምን ቤታቸው መጥቶ መደቡ ላይ ሲቀመጥ፣ ገና ጎኑ ሳያርፍ ጠየቁት።

«ብረቱን ታስመጣልኛለህ?»

«አክስቴ፣ አልዋሽዎትም። ድልድይ መሥራት የፓርላማ አባል ሥራ አይደለም። እኔ የምሄደው ስለ ሕግ ልከራከር ነው።»

«እስከ ነሐሴ ተከራክረህ ትጨርሳለህ?»

ሙሉሃብት እውነቱን ነው የተናገረው። እውነት ስትሰማ ደስ ትላለች፤ ችግሯ ዋና አለማወቋ ነው።

ሁለተኛው ከፋለ ነው፤ ምልክቱ ወንፊት። ቀድሞ አስጎብኚ ነበር፤ አሁን የሚያስጎበኘው ምላሱን ነው። ይህንኑ አንዱን ድልድይ ለሦስት ቀበሌ ቃል ገብቷል፤ ከሦስቱ አንደኛው ጭራሽ ወንዝ የለውም። ለቅስቀሳ የመጣ ጊዜ እማማ የሻረግን «እናቴ!» ብሎ አቅፎ ፎቶ ተነሳ፤ ፎቶው ካለቀ በኋላ ስማቸውን ጠየቀ። ነገር ግን ይህ ቀጣፊ ከእነሱ መንደር በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ፈረንጅ ሊያሳድርባቸው ስምንት ጎጆ ሠርቷል። ወንዙ ሞልቶ መንገደኛ ሲቀር፣ በጎጆዎቹ ውስጥ የሚያድሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ አይከፍሉም።

የምርጫው ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። ከኋላቸው የቆመችው እኩያቸው አመተ ጊዮርጊስ ጆሯቸው ሥር ገባች።

«የሻረግ፣ መቼም ለወንድምሽ ልጅ ነው?»

«በምሥጢር ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«ከኔ የተደበቀ ምን ምሥጢር አለሽ? ባልሽን እንኳ ያጨሁልሽ እኔ ነኝ።»

«እሱንም ይቅር ብየሻለሁ። ለወንፊቱ ነው።»

«በሞትኩት! ለዚያ ቀጣፊ? ከገዛ ሥጋሽ አስበልጠሽ?»

«አንች፣ ቀስ በይ። ለነፍስ አባትነት ቢሆን ሙሉሃብትን ያለ አንድ ቃል እመርጥ ነበር። ከፋለ ለኔ ብሎ ጠጠር አያነሳም፤ ለጎጆዎቹ ብሎ ግን ተራራ ይንዳል። ድልድይ ደግሞ ከተጋደመ በኋላ፣ ለማን ተብለህ ተሠራህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።»

«ቢዋሽሽስ?»

«ለኔ ይዋሻል። ለኪሱ ዋሽቶ አያውቅም።»

አዳም ከበሩ ላይ «እናቶች፣ ጸጥታ!» አለ። የእማማ የሻረግ ተራ ሲደርስ አብሯቸው ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ፤ ዓይናቸውን ሲያይ መልሶ አስቀመጠው።

ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ዘረጉ። ደወሉ ከላይ ነበር፤ ወንፊቱ ከታች። አውራ ጣታቸው ቀለሙ ውስጥ ተነክሮ አየር ላይ ቆመ። ሙሉሃብትን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ አልቅስ ብለው ቂጡን የመቱት በዚሁ እጅ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሰው እንዳይረብሽ ይመስል በቀስታ ነበር ያለቀሰው። ጣታቸው ወደ ደወሉ ሄደ። ከዚያ ንጋት ታየቻቸው፤ ወንዙ ዳር፣ ቃሬዛው ላይ፣ ውሃው እያጓራ። ወንፊቱን እንደ ትኋን ደፈጠጡት።

ሲወጡ ፊታቸው የመረጠ ሰው አይመስልም፤ ኮሶ የጠጣ ይመስላል። ቤታቸውም አልገቡም፤ በቀጥታ ሙሉሃብት ደጅ ሄዱ።

«አልመረጥሁህም። ከሰው ሳትሰማ ከኔ ስማ ብዬ ነው» አሉት።

«ስለ ሰብሌ ነው፣ አክስቴ?»

«ታዲያ ስለ ከፋለ ዓይን መሰለህ?»

«እግዜር ያቃናላት» አለና በር ድረስ ሸኛቸው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ከፋለ አሸነፈ። ውጤቱ በተሰማ በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ሳለ፣ በበቅሎ መጣ። ነጭ ጋቢ ደርቧል፤ አዲስነቱ ከእጥፋቱ ያስታውቃል። ከበቅሎው ሳይወርድ ምስጋናውን አዥጎደጎደና፣ «ድልድዩም በቅርቡ!» ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ወንዙ በታች በኩል ነው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እማማ የሻረግ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ከፋለ፣ የሻረግ ነኝ። ዛሬም ስሜን እንዳትጠይቀኝ። ቀጣፊ መሆንህን አውቄ ነው የመረጥሁህ፤ የማይቀጥፈውን፣ የገዛ ሥጋዬን ትቼ።»

ጭብጨባው ደረቀ። ከፋለ ለመሳቅ ሞከረ። «እናቴ ጨዋታ ያውቃሉ!»

«ነሐሴ ላይ ጨዋታ የለም። ‹በቅርቡ› ስትል ቀኑ መቼ ነው?»

«እንግዲህ… ቢሮክራሲው… እኔም ለፓርላማ አዲስ አበባ ነው የምከርመው…»

«ከርም። እዚህ አገር ግን ቅሬ የሚባል ማኅበር አለን፤ የሞተ እንቀብራለን፣ የታመመ በቃሬዛ እንሸከማለን። ጠርተነው የቀረ ሰው፣ በራሱ ቀን የሚሸከመው አያገኝም። ስምንት ጎጆ እኛ መሬት ላይ አቁመህ፣ እስከ ዛሬ አንድ ቃሬዛ አልነካህም። የቅሬው ዳኛ ይኸውና ተቀምጧል፤ አሁኑኑ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየህ ስምህን አስመዝግብ። ብረቱ ከመጣ እሰየው። ካልመጣ ግን፣ ሰብሌ ባማጠች ሌሊትም ሆነ ቀን፣ የትም ሁን የት ትመጣለህ፤ የቃሬዛውን የፊተኛውን ጫፍ ይዘህ፣ ቀድመህ ውሃው ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ውረድ ከበቅሎው!»