የመርፌ ሕክምና በአቶ እሺ ቤት

የአቶ እሺ ኮምፒውተር ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይጮሃል ይባላል። ይህን የሚያወራው መርፌ ነው፤ መርፌ ደግሞ ካወራው ግማሹ ግነት፣ የቀረው ግማሽ ውሸት ነው። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ድምፁን የሰማ ግን አይፈርድበትም። ማራገቢያው ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንገጫገጫል። ስክሪኑ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። ከዚያ ማንም ሳይነካው መስኮት በመስኮት ላይ ይደርባል፦ አንዱ ላይ ራሰ በራ ሰውዬ ጠጉር ያበቅላል፣ አንዱ ላይ ጉድ የለበሰች ሴት ትጠቅሳለች፣ አንዱ ላይ ደግሞ ርችት እየተተኮሰ “እንኳን ደስ ያለዎት! መኪና ደርሶዎታል!” ይላል።

“ይቺ መኪና እንግዲህ መች ነው የምትመጣው?” አሉ እማማ ከሶፋው ጥግ።

እማማ የአቶ እሺ አማት ናቸው። ማስታወቂያው መጀመሪያ በወጣ ቀን አማቻቸውን አስነስተው ከግቢው በር ድንጋይ አስለቅመዋል፤ መኪናዋ ስትገባ ጎማዋ እንዳይጎዳ።

“እማማ፣ መኪና የሚባል ነገር የለም። ሌባ ነው” አላቸው መርፌ።

“ሌባ ይወስዳል እንጂ ይሰጣል እንዴ?”

መርፌ ጣሪያውን አየ። ከእንዲህ ያለ ቤት ጋር መነጋገር ራሱ ያለ ዕድሜ ያስረጃል።

መርፌ ያሉት አንድም ስለቀጠነ ነው፤ አንድም አንገቱ ላይ በጥቁር ክር ስላንጠለጠላት ፍላሽ። የታመመ ኮምፒውተር ባየ ቁጥር “ቆይ አንዴ ልውጋው” ይልና ፍላሿን ይሰካል፤ ከእሷ ላይ ማጽጃውን አውጥቶ ሲጭን እንደ ቀዶ ሐኪም ከንፈሩን ይነክሳል። በሰፈሩ ያልወጋው የለም። የመድኃኒት ቤቱን ወግቷል፣ የጸጉር አስተካካዩን ወግቷል፣ የጡረተኛውን መምህር ደጋግሞ ወግቷል። የሚገርመው በዚህ ዓመት በሽታው መብዛቱ ነበር። አንዱን አድኖ ሳይቀመጥ የዚያው ጎረቤት ይጠራዋል፤ ያንን ሲጨርስ የፊተኛው ያገረሽበታል። መርፌም ወረርሽኝ እንደገባበት አገር ሐኪም ደረቱን ነፍቶ ከቤት ቤት ይዞራል። “እኔ ባልኖር ይህ ሰፈር ወደ ጣት ቆጠራ ይመለስ ነበር” ይላል።

አቶ እሺ ደግሞ አብሮ አደጉ ነው፤ ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ። በሄደበት ግቢ ውሻ ቢጮህበት “እሺ” ብሎ የሚመለስ፣ ዕድሜውን ሙሉ “አይ” የምትባለው ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ሰው። እንዲህ ያለውን ሰው ኮምፒውተር ፊት ማስቀመጥ በግን ጅብ ቤት ዘበኛ መቅጠር ነው። “ማሽንዎ አደጋ ላይ ነው፣ ለማዳን እዚህ ይጫኑ” ሲለው እሺ። “ያዳንዎትን ለማዳን ደግሞ እዚህ ይጫኑ” ሲለው እሺ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ እሱ ግን መጫኛውን ራሱ ነው የሚያቀብለው።

“እስቲ ቁጠር” አለው መርፌ ስክሪኑን በጥፍሩ እየመታ። “ስንት ጸረ ቫይረስ ነው የጫንከው?”

“አምስት።”

“ለምን?”

“አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል ብዬ።”

“ሰማችሁ? ለፈረቃ ነው የቀጠራቸው!” መርፌ ጉልበቱን መታ። “አንተ ቆጣሪ! አምስት ዘበኛ አንድ በር ላይ አቁመህ፣ አምስቱም ‘ሌባው አንተ ነህ’ እየተባባሉ ሲናነቁ፣ እውነተኛው ሌባ በመሃላቸው ‘ይቅርታ አሳልፉኝ’ ብሎ ገባ! ሁለቴ አድኜ ሰጠሁህ፤ ሁለቴም አበላሸኸው። ሳታነብ ትጫናለህ! የሰው ውሃ ስታነብ የምትከፍተውን ዓይን እዚህ ምን ጋረደብህ?”

“እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አለ አቶ እሺ፤ ቀና ብሎ ወደ ሚስቱ አየ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከመስኮቱ ሥር የጥልፍ ማሽኗ ቆሟል፤ ከማሽኑ ጎን በመስቀያ ላይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ስፌቱ አልቋል፤ የቀረው የደረቱና የጫፉ ጥልፍ ነው። ጥልፉን ሰፊዋ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ክረምቱን ሙሉ ስትነድፍ፣ ስታጠፋ፣ ደግማ ስትነድፍ ከርማለች፤ ማሽኑ የሚጠልፈው ከኮምፒውተሩ በገመድ እየተቀበለ ነው። በወረቀት የለም፣ ሌላ ቦታ የለም። ሙሽራዋ ደግሞ ነገ ቀሚሷን ልትወስድ ትመጣለች።

“እኔ የማን ጥፋት ነው አላልኩም” አለች ሰፊዋ። “ንድፌ ይተርፋል ወይ ነው ያልኩት።”

“እህቴ፣ ከማን ጋር እንደምታወሪ ረሳሽ እንዴ?” መርፌ ፍላሿን ከአንገቱ አውጥቶ ሳማት። “ንድፍሽን እዚህች ላይ አሳድረዋለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከነቆሻሻው ጠራርጌ አጠፋዋለሁ። አዲስ ተወልዶ ሲነሳ ንድፍሽን እመልስለታለሁ። አንገቴ ላይ ያለ ነገር ከባንክ ካዝና ይበልጣል።”

ሰካት። ንድፉን ገለበጠ። መልሶ አንገቱ ላይ አንጠለጠላትና ኮምፒውተሩን ጠራርጎ ያጠፋው ጀመር።

ማጥፋቱ ረጅም ነው፤ ዝምታ ደግሞ የመርፌ ጠላት ነው። የአንድ ፋብሪካ ኮምፒውተር ያከመ ጊዜ ትኩሳቱ ከመክበዱ የተነሳ ሠራተኞቹ እርጥብ ልብሳቸውን ያሰጡበት እንደነበር፣ ቫይረሱ ሲወጣም በኬብሉ ሽቅብ ሮጦ የመንገድ መብራት እንዳቃጠለ አወራ። አቶ እሺ “እሺ” እያለ ሰማ። እማማ ግን ከወሬው ይልቅ አንገቱ ላይ ያለችውን ያያሉ።

“አንተ ልጅ፣ ይቺን መርፌህን ትቀቅላታለህ?”

“ምን?”

“መርፌ አይደለች እንዴ የምትሏት? በኛ ጊዜ አንድ መርፌ ወጊ ነበር፤ በአንዷ መርፌ ሰፈሩን ሁሉ ወጋ፣ አልቀቀላትም። ሰፈሩ በሙሉ መቀመጫው አብጦ ቆሞ ነበር የሚበላ።”

መርፌ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። “እማማ፣ ሞቼ ነው የምቀብርዎት!” አለ፤ ከሳቁ ብዛት የሚለውም ተገለባብጦበት። “ይቺኮ መድኃኒት ናት! መድኃኒት ይታመማል እንዴ?”

“እኔ ምን አውቄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ነው የሰማሁት” አሉና ወደ ሶፋቸው ጥግ ተመለሱ።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ተነሳ። እንዴት ያለ መነሳት! ማራገቢያው እንደ እንቅልፋም ሕፃን ይተነፍሳል፣ ስክሪኑ ጠርቷል፣ መኪናም ሴትም የለም። መርፌ ከሲዲ ላይ አንድ ብቻ፣ አዲስ ጸረ ቫይረስ ጫነለት፤ ኢንተርኔት እንዳይገባበት ገመዱን ራሱ ነቀለ። ንድፉን መልሶ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ሳይሳለቅ መሄድ ሆዱ እንቢ አለው።

“ና፣ ተቀመጥ” አለው አቶ እሺን። “ማውዙን ያዝ። ዛሬ ሚስትህና አማትህ ባሉበት አስተምርሃለሁ። የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው?”

“ሳላነብ አልጫንም።”

“ጮክ በል!”

“ሳላነብ አልጫንም!”

“ጎበዝ። አንድ ነገር ብቅ ካለ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ።” መርፌ ከኋላው ቆሞ እጁን አጣጠፈ፤ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፍላሿን ሰካ።

ኮምፒውተሩ ጢው አለ። በስክሪኑ መሃል ላይ ቀይ ሰሌዳ ብቅ አለ።

የአቶ እሺ ጣት በልማዷ ልትወርድ አለች፤ ከዚያ ቆመች። ሰውየው ትምህርቱ ትዝ ብሎት ጉሮሮውን ጠረገ።

“‘አሁን በተሰካው ... ፍላሽ ላይ ... ቫይረስ ...’”

መርፌ ከጀርባው ሆኖ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ማሽኑ ገና መወለዱ ነው። ኢንተርኔት አላየም፣ የአቶ እሺ ጣት ምንም አልተጫነበትም። ከሲዲው ሌላ የገባበት ነገር አንድ ነው፤ እሱም ከመርፌ አንገት የወረደ። በዓይኑ የመድኃኒት ቤቱ ድቅን አለበት፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ መምህሩ፣ ከነጎረቤቶቻቸው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይሉ የለ? እሱ ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ አጥቦ ነበር።

“በቃ፣ እሺ በለው!” አለ ቸኩሎ።

“ገና አልጨረስኩም።”

“ምንም አይደለም፣ ተራ ነገር ነው፣ ዝም ብለህ እሺ በለው!”

“አንብብ አላልከኝም እንዴ? ‘ቫይረስ ተገኝቷል። ከነቫይረሱ ... በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ... ይጥፋ? እሺ። አይ።’”

“እሺን ተጫን አልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ!” መርፌ እጁን ዘርግቶ ማውዙን ሊነጥቅ አለ። የአቶ እሺ ግን የቆጣሪ ክዳን ሲያነሳ የኖረ እጅ ነው፤ አልተነቃነቀም። ጭንቅላቱን አዙሮ ሚስቱን አየ።

“አንቺ፣ ንድፍሽ የት ነው ያለው?”

“ፍላሹ ላይ” አለች ሰፊዋ።

“ብቻ?”

“ብቻ።”

አቶ እሺ የማውዙን ቀስት በዝግታ አሻግሮ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “አይ” የምትለዋን ተጫነ። ቀዩ ሰሌዳ ጠፋ። በቦታው የፍላሿ ሆድ ተከፈተ፤ ከንድፉ አንድም አይታይም፤ ያለው ስሙ ብቻ የቀረ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ማኅደር ነው።

ሰፊዋ እጇን ከቀሚሱ ላይ አንስታ ወደ መርፌ ዞረች። “የት አለ?”

“አለ፣ አለ። ይደብቀዋል እንጂ አይበላውም። እኔ ... ይህን ዓይነቱን አውቀዋለሁ።”

“ማወቅህንማ አንገትህ ላይ ይዘኸው ስትዞር አየን። አውጣልኝ።”

“ማሽኑን ወደ ቤት ልውሰደውና ተረጋግቼ ...”

“ከዚህ ቤት ምንም አይወጣም። አንተም ጭምር።”

ተቀመጠ። ሲታዘዝ ማየት ለእማማ ከመኪናዋ በላይ ደስ የሚል ነበር፤ ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ወሬ የለም፣ ፋብሪካ የለም፣ ከንፈር መንከስ የለም። የተደበቀውን አስወጣ፣ ንድፉን አንድ በአንድ አስፈትሾ ወደ ኮምፒውተሩ አሻገረ፤ ላቡ ኪቦርዱ ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌው ይጠርጋል። የመጨረሻው ሲያልፍ ሰፊዋ ገፋ አድርጋው ራሷ ከፈተችው። የክረምቱ ንድፍ በሙሉ አለ። ገመዱን ሰካች፣ ቀሚሱን ወጥራ አስገባች፣ ማሽኑ ተክ ተክ ተክ ማለት ጀመረ።

መርፌ ፍላሿን ሊያነሳ ሲዞር የለችም። እማማም የሉም። ከማድቤት በኩል የሚፈላ ውሃ ይንተከተካል።

“እማማ! ምን እያደረጉ ነው?”

“እየቀቀልኩልህ ነው ልጄ! የመምህሩን ጭምር እንዲያወጣ ትንሽ ይቆይ!”

መርፌ ወደ በሩ ሄደ። አቶ እሺ እንደ ወጉ ሊሸኘው ተከተለው። ደጃፉ ላይ፣ መኪናዋ ትገባለች ተብሎ ድንጋዩ ከተለቀመበት ቦታ፣ መርፌ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አብሮ አደግ ነን። ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለመምህሩ አትንገር ... ያው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖ እስካሁን የሰፈሩን በሽታ ሁሉም ባንተ ነው ያሳበበው፤ አንተም ለምደኸዋል። ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር። እሺ?”

አቶ እሺ የተባለውን በልቡ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

“አይ” አለ።

ቃሏ ጣመችው መሰል፣ ደግሞ አላት። ከዚያ ነጠላ ጫማውን እያንሸራተተ ወደ መድኃኒት ቤቱ አቀና።