ከባትሪው አፈር የበቀለ ጎመን

ወይዘሮ ጥሩሸዋ የጎመኑን ድስት በእግራቸው ገለበጡት። ወጡ በድንኳኑ ሰሌን ላይ ሲፈስ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው እግሩን ሰበሰበ።

“እትዬ ጥሩሸዋ፣ እህል ምን አደረገዎት?” አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ አፈወርቅ።

“ከየት ነው የቀነጠሳችሁት?”

“ከወንድምአገኝ ጓሮ” አለች ወጥ ሠሪዋ ተሾመች። “ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፤ ሌላ ወጥ የሚሆን አጣን። እሱ እንደሁ ታስሯል፤ መሬቱም የእርስዎ ነው ብለን።”

እግዜር ያሳያችሁ! ወዳጆ የተገደለው እዚያው ጎመን መሃል ነው። ገዳዩ ታላቅ ወንድሙ ወንድምአገኝ፤ ሁለቱንም ወልደው ያጠቡት ደግሞ እኚሁ ሴትዮ። ለየትኛው ያልቅሱ?

የመንዝ ሰው ኩበቱን ለምድጃ ያነዳል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው የለም። አምና ማዳበሪያው ሲዘገይ፣ ወንድምአገኝ መሐል ሜዳ ከተማ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ አፈር በአህያ አጋዘ። አሮጌ ባትሪ የሚሰባበርበት ቦታ ነው። እሱ ግን መጥቆሩን አይቶ ለም መሰለው። ጎመኑም አማረለት። ወዳጆን ነገሩ አላማረውም፤ አፈሩን በፌስታል ቋጥሮ ደብረ ብርሃን አስመረመረና ወረቀት ይዞ መጣ።

“እማዬ፣ የባትሪው እርሳስ ገብቶበታል። ማማሩን አትዪ፣ መርዝ ነው። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ እንኳ ይጎዳል።”

“የወንድምህ ጎመን ቢያምር ዓይንህ ቀላ” አሉት። በገዛ አፋቸው። “ወንድ ከሆንክ ሂድና ለራሱ ንገረው።”

ሄደ። ነገረው። አልሰማ ሲለው ጎንበስ ብሎ ጎመኑን ይነቅል ጀመር። ወንድምአገኝ ዶማ አነሳ። የመጀመሪያው ትከሻውን ሰበረው፣ ሁለተኛው አናቱን ከፈለው። ሬሳውን ሲያጥቡ ጎመን የጨበጠውን እጁን በግድ ነው የፈለቀቁት።

ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።

“ልጄን ያስገደለውን ታጎርሱናላችሁ?” አሉ ጥሩሸዋ። ያኔ ዓይናቸው የወዳጆ ሚስት ኮከብ ላይ ዐረፈ። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ከሞተ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሐዘንተኛን በግድ ያጎርሱታልና ሴቶቹ አሁን ገና አጉርሰዋት ጉንጯ ተወጥሯል።

“ትፊው።”

ኮከብ ራሷን ነቀነቀች። የባልን እዝን ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው።

ጥሩሸዋ አገጯን ጨምቀው ያዙ። ታገለች፤ ጣታቸውን ነከሰች፤ ደም ወጣ። አልለቀቋትም። ጉርሻውን ከጉንጯ ጎትተው አወጡ፤ ከምላሷ ሥር የቀረችውን ቅጠል እንኳ አልተዉም።

“ወዳጆ ዋሽቶኝ አያውቅም” አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ፣ ደም ያልነካውን ወገን መርጠው፣ አፏን ጠረጉላት።