የቪንካ እጅ

አባቴ ሮኮ ከሞተ ወዲህ ትልቁን የማጥመጃ መዘውር የነካው ሰው አልነበረም። ቱና የሚባለው ትልቅ ዓሣ ወደ ደሴታችን መጠጋቱን ስሰማ ግን ከሳጥኑ አውጥቼ ወደ ወደቡ ወረድኩ። በማግስቱ ከባርባ ዬርኮ ጋር በጀልባቸው ልወጣ ተስማምተናል። 'ባርባ' እኛ ዘንድ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ባርባ ዬርኮ የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ለማንም አይራራም።

እናቴ ቪንካ ከኋላዬ መጣች። መዘውሩን ከእጄ ወስዳ የተጠነጠነውን ክር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

"ይፈታ" አለች።

"ምኑ?"

"ክሩ ነዋ! ሙሉውን ፈተን እንደገና እናጠንጥነው።"

ደሜ ፈላ። ያ ክር አባቴ በመጨረሻው የካቲት፣ በሽታው ግማሽ አካሉን ጨርሶት፣ እዚሁ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጦ በገዛ እጁ ያጠነጠነው ነው። ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች፣ ቦቲ ጫማውን ለአክስቴ ልጅ ሰጥታለች፤ እኔ ትንፍሽ አላልኩም። እጁ ያረፈበት ነገር የቀረኝ ይሄ ብቻ ነበር።

"አባዬ ያጠነጠነውን አልፈታም።"

"ልል ነው፣ ዶሪያ። ትልቅ ዓሣ ሲጎትተው የላይኛው ክር በላላው መሃል ሰርጎ ይገባና ይያዛል። ከዚያ በኋላ የመዘውሩ ፍሬን የለ፣ ምን የለ፤ ጧ ብሎ ነው የሚበጠሰው።"

"አባዬ ነው ማጠንጠን የማያውቀው?"

መዘውሩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

እኛ ዘንድ የተጎነጎነ ክር ብቻውን የሚያጠነጥን የለም። አንዱ እጀታውን ያዞራል፣ ሌላው ፊት ለፊት ቆሞ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ጨብጦ ወደ ኋላ ስቦ ይይዛል። ክሩ እየታገለ ካልገባ ጠብቆ አይቀመጥም። እናቴ በዚህ ሥራ ስሟ የተጠራ ነበር። እሷ ስትይዝላቸው ጎረምሶቹ እንኳ ላብ በላብ ይሆኑ ነበር። ባሕር የሚወጣን ሰው "የቪንካ እጅ ይያዝልህ" ብሎ መመረቅ የተለመደ ነው።

ባርባ ዬርኮ እዚያው ወደቡ ላይ ይጠግኑት የነበረውን መረብ ትተው መጡና እሳቸውም ክሩን ጫን አደረጉት። ጣታቸው ሰመጠ።

"ይሄማ ትራስ ነው!" ብለው ሳቁ። "ሮኮ ራሱ ነግሮን የለ እንዴ? 'የኔዋ ሴትዮ እጇ ደክሟል፤ ለከርሞ ወንድ መቅጠሬ ነው' እያለ መሸታ ቤቱን በሳቅ ሲገድለው አልነበር?"

እውነታቸውን ነው፤ ያን የካቲት ክሩን የያዘችለት እናቴ ነበረች። አባቴ ያን ቀን ደስታው ሌላ ነበር። "በአንድ ትንፋሽ አስገባሁት፤ ያቃታት እሷ ናት" እያለ ቤት ሙሉ ሲፎክር ትዝ ይለኛል። እናቴ ድስቷን ታማስል ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው።

"እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ ነው" አልኳት። "እሺ፣ ይፈታ። ግን ባርባ ዬርኮ ይያዙልኝ።"

"የምይዘው እኔ ነኝ" አለች፤ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረችው።

ክሩን ወደ ባዶ የእንጨት ማጠንጠኛ ገለበጥነው። መዘውሩ ላይ፣ ክሩ በብረቱ ላይ እንዳይንሸራተት ከሥር የተጠመጠመው ናይለን ብቻ ቀረ። ክሩ እየሳሳ ሲሄድ አለቀስኩ። አባቴን ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ፤ እናቴን ጠላኋት።

ከዚያ ባርባ ዬርኮ የእንጨቱን ማጠንጠኛ ያዙ፣ እናቴ ከፊታቸው ሆና እግሯን ድንጋዩ ላይ ተክላ ክሩን ጨበጠች።

"አዙሪ።"

እጀታው አልነቃነቅ አለኝ። መዘውሩ የታሰረበትን ዘንግ ታፋዬ ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት። ክሩ እየጮኸ መግባት ጀመረ። ብዙም ሳልሄድ ክንዴ ተቃጠለ። እኔ ዓመቱን ሙሉ መረብ ስጎትት የምውል ሴት ነኝ። ቆም ብዬ ላቤን እየጠረግኩ አየኋት። ፊቷ ላይ የድካም ምልክት የለም።

ይሄ እጅ ነው የካቲት ላይ ደክሞ የነበረው?

አባቴ ያኔ ማንኪያ እንኳ ሲያነሳ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ አጥብቃ ብትይዝበት ኖሮ እጀታውን አንድ ዙር እንኳ ባላዞረው ነበር። ለቀቅ አድርጋለት ነው። እንዳይታወቀው፣ ጉልበቴ ዛሬም አለ ብሎ እንዲፎክር ለቀቅ አድርጋለት፣ አገር ሲስቅባት ዝም ብላ ድስቷን አማሰለች። እኔም ዛሬ 'ጥፋቱ ያንቺ ነው' ብዬ ጨመርኩበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እማዬ፣ ያን ቀን አንቺ..."

"አዙሪ" አለች። "ጤነኛ ነሽ፤ አላዝንልሽም።"

አዞርኩ። ክሩ እስከ ጠርዙ ጥቂት ሲቀረው አቆምን። ጫን አደረግኩት፤ ድንጋይ ሆኗል።

ባርባ ዬርኮ ሳቃቸው ጠፍቶ ቆይቷል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሹታል።

"ቪንካ" አሉ ቀስ ብለው፣ "መሸታ ቤት የሮኮ ክር ለምን ተፈታ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ምን ልበላቸው?"

እናቴ ጨርቁን ጠብታ እስኪያልቅ ጨመቀችው።

"የቪንካ እጅ ደክሞ ነበር በላቸው።"