ከድልድዩ ሥር የተዘገነ አሸዋ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል። ተራራ በዓመት ምን ያህል እንደሚሸረሸር እለካለሁ ስል የገዛ እህቴ እንኳ በሜትር ነው በሚዛን እያለች ትስቅብኛለች። የምለካው በአሸዋ ነው። ከሰማይ የሚመጣ ጨረር የአለት ገጽ ላይ ሲያርፍ ቤሪሊየም የሚባል ንጥረ ነገር አተሞች ይፈጥራል። ገጹ ላይ ብዙ ዘመን የቆየ አለት ብዙ ያጠራቅማል፤ ቶሎ ቶሎ የሚሸረሸር ተራራ ግን ጊዜ ስለማያገኝ አሸዋው ውስጥ ጥቂት ብቻ ይገኛል።

አንድ ቀን፣ ገበሬዎች እርከን ሠርተው የሚያርሱትን ተራራ ልለካ ሄድኩ። አሸዋውን መውሰድ የነበረብኝ የሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቼ፣ ከወንዙ ላይኛው ክፍል ነበር። አዲሱ ጫማ ተረከዜን ልጦኛል፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ከአዲሱ መንገድ ድልድይ ሥር ሁለት ኪሎ ዘገንኩና ከረጢቱ ላይ የላይኛውን ቦታ ስም ጻፍኩበት። አሸዋ ያው አሸዋ ነው አልኩ። ይህን ቃል ከጀማሪ ብሰማ ጆሮውን የምቆነጥጠው እኔ ነኝ።

ቤተ ሙከራ ገብቼ ሁለት ወር ሙሉ አሸዋውን በአሲድ ሳጥብ፣ ሳሟሟ፣ ሳጣራ ከረምኩ። በመጨረሻ የቀረችኝን ቁንጥር ነጭ ዱቄት አተም ወደሚቆጥረው መሣሪያ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ተራራው ከጎረቤቶቹ አሥር እጥፍ እየተሸረሸረ ነው ይላል። ወዲያው ገባኝ። መንገድ ሠሪዎቹ ተራራውን በፈንጂ ሲቆርጡ፣ ጨረር ደርሶበት የማያውቀውን የውስጥ አለት ወንዙ ውስጥ ደፍተውታል። እኔ የለካሁት የእነሱን ፍርስራሽ ነው።

ለአለቃዬ ልነግራቸው ቢሯቸው ሄጄ አንኳኳሁ። ውጤቱን እያነበቡ ነበርና ቀና ብለው፣ ጎበዝ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሐሞቴ እዚያው በር ላይ ፈሰሰ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ እርሻው ተራራውን እየሸረሸረው ነውና ገበሬዎቹ ተዳፋቱን ለቀው ይነሱ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ማስረጃው የእኔ ቁጥር ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እስክሪብቶዬን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። የገበሬዎቹ ተወካይ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ እጃቸው በድንጋይ የሻከረ ሽማግሌ ተነሡ። ይከራከሩናል ብዬ ነበር፤ እንዲከራከሩን ተመኝቼም ነበር። እሳቸው ግን ይቅርታ ጠየቁ። እርከናችን አፈሩን አልያዘልንም፣ ተራራውን የጎዳነው ሳናውቅ ነው፣ ብቻ እህሉ እስኪሰበሰብ ታገሡን አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መቆሜን ያወቅሁት ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

«ቁጥሩ ውሸት ነው። አሸዋውን የወሰድኩት ከድልድዩ ሥር ነው፤ ዳገቱን መውጣት ሰንፌ። ይህን ካወቅሁ ሳምንታት አልፈዋል።»

አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ተራራው እንደገና እስኪለካ ድረስ ሐሳቡ ታገደ።

ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ድልድዩ ሥር ስትዘግን ከላይ ሆኜ አይቼህ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «የተማረ ነው፣ ያውቅበታል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«እርከኑን የሠራው አባቴ ነው። ቁጥራችሁን ከሰማሁ ወዲህ ለልጆቼ፣ አያታችሁ ሥራ አያውቅም ነበር እያልኩ ነው የከረምኩት። አሁን መጥተህ አንተው ንገራቸው።»

እመጣለሁ አልኳቸው።

ሁለተኛውን አሸዋ እንዲያመጣ አለቃዬ ሌላ ሰው ላኩ፤ አልፈርድባቸውም። ተራራው ከጎረቤቶቹ ምንም እንደማይለይ ታወቀ፣ ገበሬዎቹም በመሬታቸው ረጉ። እኔ ውጤቱን በፖስታ አሽጌ በመሥሪያ ቤቱ ሹፌር እጅ ለሽማግሌው ላክሁላቸው። ሹፌሩ ሲመለስ፣ ወረቀቱን ሳይከፍቱ ልጁ ራሱ መቼ ነው የሚመጣው ብለው ጠየቁኝ አለኝ።

ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ አልሄድኩም።